በሐራጅ አሮጌ የጣሊያን ስፖርት መኪና ለመግዛት ለምታስቡ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ስለ መኪና ሐራጅ የሚያማክሩኝ ሰዎች እየበዙ በመምጣታቸው፣ ለእያንዳንዱ በቃል ከመናገር ያለፍኩበትን በጽሑፍ ማስፈር የተሻለ ሆኖ አገኘሁት። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በአገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ሁሉ ዋጋው ሰማይ ስለነካ፣ የሐራጅ ማስታወቂያ ፈልጎ የሚያነብ ሰው ጨምሯል። እኔ የገዛኋት እንደ ብዙዎቹ ቶዮታ አልነበረችም፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ የተሠራች፣ ሁለት በር ያላትና የሸራ ጣሪያዋ የሚታጠፍ ፊያት 124 ስፖርት ስፓይደር ናት። የምጽፈው በተለይ እንዲህ ዓይነት መኪና አይቶ ልቡ ለሚሸፍት ሰው ነው፤ ሆኖም ስለ ወረቀቱ የምለው ቪትዝ ለሚገዛም ይጠቅማል።

የምተዳደረው በደሴ የግንባታ ዕቃ በመነገድ ነው። በዚያ ዕለት ወደ ኮምቦልቻ የወረድኩትም አንድ መሥሪያ ቤት ያገለገሉ ተሽከርካሪዎችን በሐራጅ እንደሚሸጥ አንብቤ፣ ዕቃ የሚያመላልስልኝ ፒክአፕ ለመግዛት ነበር። ስፓይደሯ በግቢው ጥግ፣ ጎማቸው ከተነፈሰ ፒክአፖች መካከል አቧራ ለብሳ ቆማለች። ቀይ ቀለሟ ፀሐይ መትቶት ደብዝዟል፤ ሸራዋ ከኋላ በኩል ተቀዷል። ጥበቃው ኮፈኗን ሲከፍትልኝ ግን በሞተሩ ላይ ጎን ለጎን የተጋደሙት ሁለት የአሉሚኒየም ክዳኖች ብቅ አሉ። ያንን ሞተር የነደፈው ቀደም ሲል ለፌራሪ ይሠራ የነበረው አውሬሊዮ ላምፕሬዲ መሆኑን፣ አካሏን የሠራው ደግሞ ፒኒንፋሪና መሆኑን በወጣትነቴ አንብቤ ስለነበር፣ ከዚያ በኋላ ፒክአፖቹን ዞር ብዬም አላየኋቸው።

ሐራጁ የሚካሄደው በቃል ስለሆነ ዋጋ የሚጨመረው እጅ በማንሳት ነው። ለፒክአፑ ብዬ ያሠራሁት ሲፒኦ (ባንክ ያረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ) በዕለቱ ለቀረበ ለማንኛውም ተሽከርካሪ የጨረታ ማስከበሪያ መሆን ይችል ስለነበር የሚያግደኝ አልነበረም። የመኪናዋ መነሻ ዋጋ ሲነገር ሰው ሁሉ ሣቀ፤ እኔ እጄን ሳነሳ ግን ከኋላዬ የቆመ አንድ ሰው አብሮኝ አነሳ፤ ከዚያ በኋላ የሆነው ከመኪና ግዢ ይልቅ እልህ መጋባት ነበር። መዶሻው ሲመታ ዋጋው ከመነሻው እጥፍ አልፏል። ሰውየው ጠጋ ብሎ «ወንድሜ፣ አላህ ይባርክልህ» ካለኝ በኋላ ሥራው ድለላ መሆኑን፣ መኪናዋን የፈለጋትም አሸንፎ እዚያው ግቢ ውስጥ ለእኔው አትርፎ ሊሸጥልኝ እንደነበር ያለ ምንም እፍረት አጫወተኝ። ምኞቴ ፊቴ ላይ ይነበብ ስለነበር ሌላ ገዢ መፈለግ እንኳ አላስፈለገውም።

ስለዚህ ወደ ሐራጅ ስትሄዱ የመጨረሻ ዋጋችሁን ቤታችሁ ሆናችሁ በወረቀት ጻፉ፤ ሲፒኦውንም አብሯችሁ የሚሄድ፣ መኪና የማይወድ ሰው ይያዝላችሁ። ይህ ቀልድ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን በጭብጨባና በጥድፊያ መካከል ራስን ከመገሠጽ ይልቅ ማስከበሪያውን የያዘው ወንድማችሁ ወይም ባለቤታችሁ «በቃ፣ እንሂድ» ቢሏችሁ ይበልጥ ይሠራል። ደግሞም ለአንዱ ዕቃ የተዘጋጀ ሲፒኦ ለሌላው እንደሚያገለግል ከሰነዱ ከተረዳችሁ፣ አደጋው እዚያ ላይ መሆኑን አትርሱ።

የጨረታ ሰነድ «ባለበት ሁኔታ» ሲል ከዚያ በኋላ በሻጩ ላይ የምታነሡት የብልሽት አቤቱታ አይኖርም ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከሐራጁ በፊት መኪናውን ለማየት ቀን ይሰጣል፤ ሞተር ማስነሳት ባይፈቀድም እንኳ ብዙ ነገር ማወቅ ይቻላል። እንዲህ ባሉ መኪኖች ላይ ከሞተሩ በፊት የሚታየው ዝገት ነው፤ ስፓይደር ከሁሉ በላይ የምትታወቅበት ደካማ ጎኗ ከፊት በኩል ሞላዎቹ የሚያርፉበት የብረት ማቀፊያ፣ ወለሉና ከበሮቹ ሥር ያለው ላሜራ መዛጉ ነው። በኪሳችሁ ትንሽ ማግኔት ይዛችሁ በላሜራው ላይ አስኪዱ፤ ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ላይ በቀለም የተሸፈነ ስቱኮ አለ። እኔ ማግኔት አልያዝኩም ነበር፤ የግራው ወለል ወንፊት መሆኑን ያወቅሁት ደሴ ገብታ ምንጣፉ ሲነሣ ነው።

ይሁን እንጂ ወለል ባትላሜራ ያበጀዋል። ያስጨነቀኝ ወረቀቱ ነው፤ እዚህ ላይ ረዘም ብዬ የምጽፈውም በዚሁ ምክንያት ነው። በጨረታ ሰነዱ ላይ «በተሽከርካሪው ላይ የሚፈለግ ቀረጥና ታክስ በገዢው ይሸፈናል» የሚል አንድ መስመር ነበር። ሰነዱን ሳነብ ሐሳቤ ፒክአፑ ላይ ስለነበር፣ ፒክአፖቹም ቀረጥ የተከፈለባቸው ስለነበሩ፣ መስመሩን አይቼ አልፌዋለሁ። ስፓይደሯ ግን ከብዙ ዓመታት በፊት በቀረጥ ነፃ መብት የገባች ነበረች። በእንዲህ ያለ መብት የገባ መኪና ተመሳሳይ መብት ለሌለው ሰው ሲተላለፍ ቀረጡና ታክሱ መከፈል አለበት፤ ሳይከፈል ስም አይዞርም። በዚያ ላይ ያሸነፍኩበት ዋጋ 15 በመቶውን ተጨማሪ እሴት ታክስ አላካተተም ነበር። ሁለቱ ሲደመሩ በሐራጁ ላይ የጠራሁት ዋጋ ከአጠቃላይ ወጪው ትንሹ ክፍል ሆነ።

በዚህ ጊዜ ሁለት መንገድ ነበረኝ፤ ወይ በተሰጠው ቀነ ገደብ ከፍሎ መረከብ፣ ወይ ሲፒኦውን አስወርሶ መተው። የተሸናፊነት ስሜት ስለተሰማኝ ሁለተኛውን መንገድ አስልቼም አላየሁት። እናንተ ግን አስሉት። የሚወረሰው ማስከበሪያ ልኩ የታወቀ፣ አንድ ጊዜ የሚያምም ኪሳራ ነው፤ ቀረጥ ያልተከፈለበት፣ ፋይሉ ያልተሟላ መኪና ግን የት ላይ እንደሚያቆም የማይታወቅ ወጪ ይከፍታል። ተቀምጦ ካሰላ በኋላ ማስከበሪያውን ትቶ የወጣ ሰው አውቃለሁ፤ ሰው ቢስቅበትም ዛሬ ድረስ ትክክል ነበር እላለሁ።

ቀረጡ ከተከፈለ በኋላ ደግሞ የሻንሲ ቁጥር ጣጣ መጣ። የስፓይደር ሻንሲ ቁጥር 124 ብሎ ይጀምርና በላቲን ፊደላት ይቀጥላል፤ ፊደላቱ እንደ ሞተሩ ዓይነት ይለያያሉ፤ የመጀመሪያዎቹ 1,438 ሲሲ መኪኖች ኤኤስ፣ እንደ እኔዋ ያሉት 1,756 ሲሲዎቹ ሲኤስ የሚል ምልክት አላቸው። ከዓመታት በፊት ሊብሬውን፣ ማለትም የመኪናዋን የባለቤትነት ደብተር፣ የሞላው ሠራተኛ ኤስ የምትለውን ፊደል የአምስት ቁጥር አድርጎ አንብቧት ኖሯል። በመኪናዋ ላይ የተቀረጸው «124 ሲኤስ»፣ ሊብሬው ላይ ያለው «124 ሲ5» ሆነና የስም ዝውውሩ ቆመ። የአንዲት ፊደል ስህተት ብትሆንም በሕግ ዓይን የሻንሲ ቁጥር ልዩነት የስርቆት ጥርጣሬ ነው፤ ስለዚህ ሻጩ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ እንዲጽፍ፣ ፖሊስ ቁጥሩ ያልተፋቀና ያልተቀየረ መሆኑን በቴክኒክ ምርመራ እንዲያረጋግጥ፣ ከዚያም መዝገቡ እንዲታረም ማድረግ የግድ ሆነ። በዚህ መካከል አንድ ክረምት አለፈ።

ይህን ሁሉ ከሐራጁ በፊት በአንድ እርሳስ ማወቅ ይቻል ነበር። ነጭ ወረቀት በተቀረጸው ቁጥር ላይ አስቀምጣችሁ እርሳሱን አግድም ስታሹት ቁጥሩ እንዳለ ወረቀቱ ላይ ይወጣል፤ የሞተሩንም እንዲሁ አድርጉ። ከዚያ ከዋናው ሊብሬና ከጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሩ። ፎቶ ኮፒ ብቻ ካሳዩአችሁ ዋናው የት እንዳለ ጠይቁ፤ ፋይሉ በመዝገብ ቤት በአካል መኖሩንም ሳታረጋግጡ አትለፉ፤ በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ሰነድ የወደመባቸው መሥሪያ ቤቶች በአካባቢያችን መኖራቸውን የወሎ ሰው ያውቃል። መኪናዋ ዕዳና እገዳ የሌለባት መሆኗን የሚገልጽ ደብዳቤም ከመጫረታችሁ በፊት ጠይቁ። ደብዳቤውን አሁን መጻፍ የከበደው ሻጭ ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ ይቀለዋል ብላችሁ አታስቡ።

ወረቀቱ ሲንከባለል መኪናዋን በአይሱዙ አስጭኜ ደሴ አስገባኋት። እናቴ ዙሪያዋን አይታ «እኔን የት ላይ ልታስቀምጠኝ ነው ልጄ?» አለችኝ፤ ከኋላ ያለችውን ጠባብ መቀመጫ ሳሳያትም መልስ አልሰጠችኝም። መካኒክ ሳፈላልግ ሰዎች የጠቆሙኝ በወጣትነታቸው ኤንትሬ የሚባለውን የፊያት ከባድ መኪና ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ አንድ አዛውንት ነበሩ። ኮፈኑን ከፍተው ዘይቱን በጣታቸው አሽተው፣ ካንዴላዎቹን አውጥተው በቀዳዳዎቹ ጥቂት ዘይት ካንጠባጠቡ በኋላ ሞተሩን በእጃቸው ቀስ ብለው አዞሩት። «ጋሼ፣ ይነሣል ይላሉ?» ስላቸው፣ «አብሽር ልጄ፣ ሞተሩ አልያዘም። ብረቱን ለእኔ ተወው፤ ላስቲኩን ግን አንተ ፈልግ» አሉኝ።

የዚህን ንግግር ክብደት የተረዳሁት ቆይቼ ነው። ለዓመታት በቆመ መኪና ላይ ብረቱ ብዙ ጊዜ ይተርፋል፤ የሚሞተው ላስቲኩ ነው፤ የነዳጅና የውኃ ቱቦው፣ የፍሬን ላስቲኩ፣ የበር መዝጊያው፣ ከሁሉም በላይ ባልቦላዎቹን የሚከፍቱትን ሁለቱን ካምሻፍት የሚያዞረው ጥርሳም ቺንጋ። ይህ ቺንጋ ምንም ኪሎ ሜትር ሳይሄድ በዕድሜ ብቻ ይደርቃል፤ ሞተሩ እየሠራ ከተበጠሰ ባልቦላዎቹ ከፒስተን ጋር ተጋጭተው ሊጣመሙ ይችላሉ። አዛውንቱ መካኒክ ቺንጋው ሳይቀየር ሞተሪኖውን (ማስነሻውን) እንዳልነካ ከልክለውኝ ነበር፤ ቁልፉን ራሳቸው ወስደው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። በእኔ ፍላጎት ቢሆን በዚያው ቀን አስነሥቼ ድምፁን እሰማ ነበር።

መለዋወጫን በተመለከተ መጀመሪያ የነገሩኝ ሁሉ «የላዳ ዕቃ ይገጥማል» የሚል ነበር። ነገሩ መሠረት አለው፤ ላዳ የተወለደችው ከፊያት 124 ሲሆን ሶቪየቶች በፊያት ፈቃድ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ በቶሊያቲ ከተማ ሠርተዋታል። ነገር ግን ሲሠሯት ለራሳቸው መንገድ እንድትመች አድርገው ለውጠዋታል፤ ሞተሯ አንድ ካምሻፍት ብቻ ያለው ሌላ ሞተር ነው፣ የኋላ ፍሬኗም ከበሮ ሲሆን የስፓይደር ግን አራቱም ዲስክ ናቸው። አዲስ አበባ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ሄጄ በላዳ ስም የገዛሁት ዕቃ ደሴ ሲደርስ ከፊሉ ገጠመ፣ ከፊሉ እስካሁን መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ስለዚህ አሮጌውን ዕቃ አስፈትታችሁ በእጃችሁ ይዛችሁ ሂዱና በሱቁ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ለኩ እንጂ በስም አትግዙ። ለላስቲኩ ደግሞ የተሻለው መንገድ አሜሪካ ያለ ዘመድ ነው፤ ከተሠሩት ስፓይደሮች አብዛኞቹ የተሸጡት እዚያ ስለሆነ ዕቃው እስከ ዛሬ በሽያጭ ላይ ይገኛል፤ ቺንጋና የፍሬን ላስቲክ ደግሞ ክብደት ስለሌላቸው በሻንጣ ጥግ ይመጣሉ። የእኔዎቹ ለሰርግ ከመጣች የአክስቴ ልጅ ጋር ነው የደረሱልኝ።

ሞተሩ ሲነሣ ጥቁር ጭስ ተፋ። ብዙ ሰው እንዲህ ሲያይ ፒስተን አልቋል ብሎ ሞተር ያስፈታል፤ አዛውንቱ ግን ጥላሸት የለበሰውን ካንዴላ አይተው «ይህች የቆላ ልጅ ናት፣ የደሴን አየር አልለመደችም» ብለው ሣቁ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳስቶ ወደ ሞተሩ የሚገባው ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል፤ ዌበር ካርቡሬተሩ ደግሞ ነዳጁን የሚለካው ለዝቅተኛ ቦታ እንደተሠራ ነው፤ ስለዚህ ነዳጁ ይበዛል። መፍትሔው በውስጡ ያለችውን ነዳጅ የምታሳልፍ ባለ ቀዳዳ ትንሽ የነሐስ ቡሎን ቀዳዳዋ በጠበበ መቀየር ነበር። ዋጋዋ ከአንድ ምሳ አይበልጥም።

ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው ትልቁ አደጋ የመጣው። ሦስተኛ ወገን መድንና ቦሎ ከተሟላላት በኋላ ወደ ኮምቦልቻ ይዣት ወረድኩ። የፍሬን ሸራዎቹን ቀይረናል፤ ከአሜሪካ የመጡት የፍሬን ቱቦዎች ግን የፊቱ ብቻ ስለነበሩ የኋላው አሮጌው እንዳለ ቀርቶ ነበር፤ የፍሬን ዘይቱንም ሙሉ በሙሉ ሳናፈስ ጨምረንበታል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት የያዘ ዘይት ፍሬኑ ሲግል ይፈላና አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ግፊት አያስተላልፍም። የሐረጎን ቁልቁለት ግማሽ እንደወረድኩ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ገባ። ማርሹን ወደ ሁለተኛ፣ ከዚያ ወደ አንደኛ አወረድኩ፤ ሞተሩ ጮኸ፤ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ እየሳብኩ ከፊቴ ከነበረው የጭነት መኪና ኋላ ልጋጭ ጥቂት ሲቀረኝ ከመንገዱ ጠርዝ በተከመረ ጠጠር ላይ አቆምኳት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ከመኪናው ሳልወርድ ተቀምጫለሁ።

ደጋና ቆላ በሚያገናኙት በእኛ አገር መንገዶች ላይ ለዓመታት የቆመ መኪና የምትነዱ ከሆነ፣ የፍሬን ዘይቱን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ አስፈስሳችሁ በአዲስ ሙሉ፤ ቱቦዎቹን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ቀይሩ፤ ቁልቁለቱንም በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ። ገንዘብ ካጠራችሁ ቅደም ተከተሉ ፍሬን፣ ቺንጋ፣ የነዳጅ ቱቦ፣ ጎማ ይሁን፤ ቀለም ከሁሉ መጨረሻ። እኔ ቀለሙን ቀድሜ ለማስቀባት ዋጋ ጠይቄ እንደነበር አዛውንቱ ሲሰሙ ለአንድ ሳምንት ሰላምታ ነፍገውኛል።

ጣሪያዋን አዲስ ሸራ አስለብሻታለሁ፤ እንዲያም ሆኖ በሐምሌና በነሐሴ የደሴ ዝናብ በመስተዋቱ ጥግ ሰርጎ ይገባል፣ ስለዚህ ክረምቱን ከመጋዘኔ አትወጣም። ዝቅ ያለች በመሆኗም ኮብልስቶን ላይ በዝግታ ካልሆነ አትሄድም። ለዕለት ሥራ የሚሆን መኪና የሚፈልግ ሰው ይህችን አይግዛ፤ እኔም ፒክአፑን ከዚያ በኋላ በሌላ ጨረታ፣ በእርሳስና በማግኔት መርምሬ፣ ሲፒኦውን ባለቤቴ ይዛልኝ ገዝቻለሁ።

በቅርቡ ደግሞ ለሰርግ እንዳከራያት የሚጠይቁኝ ሰዎች በዝተዋል። ወጪያችሁን በኪራይ ለመመለስ የምታስቡ ካላችሁ፣ የግል መኪና ሰሌዳ ለግል አገልግሎት ብቻ እንደሆነ፣ በክፍያ ለመሥራት የንግድ ሰሌዳና ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ከወዲሁ እወቁ፤ አደጋ ቢደርስ የመድን ጥያቄውም የሚበላሸው በዚህ ነው። እኔ ለዘመድ ሰርግ ያለ ክፍያ እሰጣለሁ፤ ባለፈው ጥር የአክስቴ ልጅ ቬሎዋን ይዛ ለመግባት ስለተቸገረች ሙሽራውን ብቻ ይዤ ሄጃለሁ፣ ሙሽራዋ በፒክአፑ ተከተለችን።